አንድ ጎራሽ ጠመንጃና የመጀመሪያዋ ጥይት

የጠመንጃ ስም በአማርኛ ሞልቷል። ውጅግራ የሚለው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። ጠመንጃው የ1874 ሞዴል ይባላል (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰናድር ደግሞ ስናይደር ከሚባለው የእንግሊዞች መሣሪያ ነው። ሁለቱም አንድ ጎራሽ ናቸው። አንድ ጥይት ይጎርሳሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ሌላዋ ጥይት በእጅ ትገባለች። በዐድዋ ዘመን በአገራችን ሰው እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ጥይት በአንዳንድ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ይገበይበት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ መሳት ማለት ኪሳራ ማለት ነው።

አንድ ጎራሽ ዛሬ ከጦር ሜዳ ወጥቷል። አደን ላይ ግን አለ። በተለይ በአሜሪካ አምስት ጎራሹን ትተው ሆን ብለው አንድ ጎራሽ የሚይዙ አዳኞች ጥቂት አይደሉም። ገሚሱ ለውበቱ፣ ገሚሱ ለዋጋው፣ ገሚሱ ደግሞ «አንድ ጥይት ብቻ እንዳለህ ስታውቅ በደንብ ታነጣጥራለህ» በሚል ነው የሚመርጠው። እነዚህ ሰዎች ጠመንጃቸውን ሲያበጃጁ ይውላሉ። እንጨቱን ይፍቃሉ፣ ብሎኑን ይለውጣሉ፣ መነጽር ይገጥማሉ። ከዚያ ወረቀት ላይ ሦስት ቀዳዳ አሳይተው «አይስትም» ይላሉ።

በጋዜጠኝነት ክፍል መጽሔት ላይ ይሄ ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔን የሳበኝ «አይስትም» የምትለዋ ቃል ናት። ስለ ማሽን፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ዘር የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለ ቃል በየቀኑ ይሰጠናል። ጠመንጃ ላይ ደግሞ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ቃሉ ውሸት ከሆነ የሚከፍለው እንስሳው ነው። በጥሩ ቦታ የተመታ አጋዘን ሩቅ ሳይሄድ ይወድቃል። አንጀቱን የተመታ ግን ጫካ ገብቶ ለሰዓታት እየተሠቃየ ይሞታል፤ ብዙ ጊዜም አይገኝም። ስለዚህ የጠመንጃው ጉዳይ እንዴት እንደሚሠራና ቃሉም እንዴት እንደሚፈተን አብረን እንይ።

አለመሳት ማለት ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንዱ ጥይቶቹ አንድ ቦታ መሰብሰባቸው ነው፣ ሌላው የተሰበሰቡበት ቦታ የተፈለገው ቦታ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ቀላል ነው። ጥይቶቹ ሁሉ አራት ጣት ወደ ግራ ከሄዱ የመነጽሩን መዘውር ትንሽ ማዞር ነው፣ በቃ። አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ቀኝ ከሄደች ግን የሚዞር መዘውር የለም። ጠመንጃ ማበጃጀት የሚባለው ሥራ በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው በሽታ ጋር የሚደረግ ትግል ነው።

የተኳሾች መለኪያ የማዕዘን ደቂቃ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው። አንድ ደቂቃ በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ ነው) ወደ አንድ ኢንች፣ በ100 ሜትር ደግሞ ወደ 2.9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱም እጥፍ ነው። ይህንን ወደ ብረቱ መልሰን ብናሰላው ነገሩ ያስደነግጣል። 66 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው በርሜል አፈሙዙ በ0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢዘም አረሩ በ100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ይስታል። 0.2 ሚሊ ሜትር የሁለት ሦስት የራስ ፀጉር ውፍረት ነው።

በርሜል ደግሞ ብረት ስለሆነ ብቻ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ባሩዱ ሲቀጣጠል እንደ ተመታ ደወል ይንቀጠቀጣል። አረሩ ከበርሜሉ ለመውጣት የሚወስድበት ጊዜ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም፤ በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ወደ ላይ ወደ ታች እየተወዛወዘ ነው። መወዛወዙ በራሱ ችግር የለውም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይወዛወዝ እንጂ! አረሩ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ውዝዋዜ ላይ ከወጣ አንድ ቦታ ይመታል። በርሜሉን የሚነካ አንድ ነገር ዛሬ ጠንክሮ ነገ ላልቶ ከነካው ግን ውዝዋዜው ይለወጣል። የማበጃጀቱ ሥራ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው፦ ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ።

የፊት እንጨት ጣጣ

በተራ አምስት ጎራሽ የአደን ጠመንጃ ላይ ሰደፉና ከበርሜሉ ስር ያለው እንጨት አንድ ወጥ ናቸው። አንድ ጎራሽ ላይ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ። ሰደፉ ከኋላ፣ የፊት እንጨት ከፊት፣ መሃል ላይ ብረት። ታዲያ ያ የፊት እንጨት ከምን ጋር ይታሰር? ከበርሜሉ ጋር ከታሰረ በርሜሉን ይጎትተዋል። ከሌላ ነገር ጋር ይታሰር ቢባል ደግሞ በበርሜሉ ስር ሌላ ነገር የለም።

ስተርም ሩገር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1967 «ቁጥር 1» የሚባል አንድ ጎራሽ ሲያወጣ አንድ መላ ዘየደ። ጠመንጃው የጥንት አሠራር ይከተላል፤ ስኮትላንዳዊው ጆን ፋርኳርሰን በ1872 ፓተንት ያስመዘገበበት ዓይነት ነው። ከምላጩ ስር ያለው ዘንግ ወደ ታች ሲሳብ የበርሜሉን የኋላ አፍ የሚዘጋው ወፍራም ብረት ቁልቁል ይወርዳል፣ ጥይት ይገባል፣ ዘንጉ ሲመለስ ብረቱ ወጥቶ ይዘጋል። መላው ያለው ከፊት ነው። ከጠመንጃው መሃል ብረት አንድ ክንድ የመሰለ ዘንግ ወደ ፊት በበርሜሉ ስር ይዘረጋል። የፊት እንጨቱ በብሎን የሚታሰረው ከዚህ ክንድ ጋር ነው። የመዶሻው ሞላም እዚሁ ክንድ ላይ ነው የተቀመጠው።

በወረቀት ላይ ሲታይ በጣም ቆንጆ ነው፤ በርሜሉ ነፃ ወጣ ማለት ነው። በሥራ ላይ ግን ክንዱ ራሱ ቀጭን ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ይታጠፋል፣ እንጨቱም ተስቦ የበርሜሉን ሆድ ይጫናል። እንጨት ደግሞ ያው እንጨት ነው፣ ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በደረቅ ቀን በልኩ የተስተካከለ ጠመንጃ በዝናባማ ቀን ሌላ ቦታ ይመታል። ባለቤቱ ጥይቱን ይረግማል፣ መነጽሩን ይረግማል፣ ሁለት ወር ቆይቶ ራሱን ይረግማል።

የዚህ ጠመንጃ ባለቤቶች ባለፉት አሥርት ዓመታት ያመጧቸው መፍትሔዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን «በርሜሉን ምንም አይንካው» ይላል። እነዚህ የእንጨቱን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው በእንጨቱና በበርሜሉ መካከል ወረቀት እስኪያልፍ ድረስ ክፍተት ያበጃሉ። ሌላው ወገን «ከነካም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ኃይል ይንካው» ይላል። እነሱ ደግሞ በክንዱ ጫፍ ላይ ቀዳዳ አበጅተው ትንሽ ብሎን ያስገባሉ፤ የብሎኗ ራስ ከታች ወደ ላይ በርሜሉን በልክ ትገፋዋለች። ብሎኗን ሩብ ዙር እያጠበቁ እየተኮሱ፣ እያላሉ እየተኮሱ፣ ምቶቹ የሚሰበሰቡበትን ልክ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሐሳቦች የሚጣረሱ ይመስላሉ፤ በእኔ እይታ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም የሚሸሹት እንጨቱ እንደ አየሩ ጠባይ የሚወስነውን ጭነት ነው።

ርካሹ ጠመንጃና የሳንቲም ጎማ

ሩገሩ የባለገንዘብ ጠመንጃ ነው። የድሃው አንድ ጎራሽ ለብዙ ዓመታት «ሃንዲ ራይፍል» ነበር፤ ኤች ኤንድ አር 1871 በሚባል ስም ይሸጥ የነበረ ሲሆን ምርቱ በ2015 ቆሟል። አሮጌዎቹ ግን አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። አሠራሩ እንደ ወፍ ጠመንጃ ነው፤ ከመሃሉ ተሰብሮ ይከፈታል፣ ጥይት ይገባል፣ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። የፊት እንጨቱ ከበርሜሉ ስር ባለች ጉብታ ላይ በአንድ ብሎን ይታሰራል። እንግዲህ በቀጥታ በርሜሉ ላይ ነው የታሰረው። ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር እንጨቱ በርሜሉን ይጫነዋል።

የዚህ ጠመንጃ ባለቤቶች መድኃኒት የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ መድኃኒት ነው፦ ኦ-ሪንግ። ያቺን ክብ ጎማ በጉብታዋ ዙሪያ በእንጨቱና በበርሜሉ መካከል ያስገቧታል። እንጨቱ ከዚያ በኋላ በጎማው ላይ ይንሳፈፋል፤ በርሜሉ ሲንቀጠቀጥ ጎማዋ ትታገሠዋለች። የጎማዋ ዋጋ ሳንቲም ነው። ስለ ጠመንጃ ማበጃጀት ካነበብኩት ሁሉ ይቺን የመሰለች ነገር አላገኘሁም።

በዚህ ጠመንጃ ላይ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሲዘጋ በርሜሉን ቆልፎ የሚይዘው ምላስ የሚያርፍበት ቦታ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ዘይትና ግሪስ ለማጠፊያው ነው እንጂ ለመቆለፊያው አይደለም። ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ኃይል መዝጋት ነው። አንዴ ቀስ አድርጎ አንዴ አጩሆ መዝጋት የመቆለፊያውን አያያዝ ይለውጠዋል። በአሸዋ ከረጢት ላይ ሲያስደግፉትም ከፊት እንጨቱ ጫፍ ሳይሆን ወደ ማጠፊያው ቀረብ አድርጎ ነው፤ አለዚያ ከረጢቱ ያንኑ እንጨት ወደ በርሜሉ ይገፋዋል። በፎቶ ላይ ጠመንጃቸውን ጫፉ ላይ አስደግፈው የተቀመጡ ሰዎች ሳይ አሁን እጄን ይበላኛል።

ስለ በርሜል መለዋወጥ ትንሽ ልበል። አንድ ጎራሽ ሲሠራ ቀላል ስለሆነ በአንድ መሃል ብረት ላይ የተለያየ በርሜል መግጠም ይቻላል። የሃንዲ ራይፍል ባለቤት ተጨማሪ በርሜል ሲፈልግ ጠመንጃውን ወደ ፋብሪካው ይልክ ነበር፤ መዝጊያው በልክ መግጠም ስላለበት በእጅ አስተካክለው ይመልሱለታል። በ1967 የወጣው የቶምሰን ሴንተር ኩባንያ «ኮንቴንደር» ሽጉጥ ግን በርሜሉ በባለቤቱ እጅ ነበር የሚለወጠው። ኩባንያው ሽጉጡን ከአንድ ሰደፍና ከአንድ ባለ 21 ኢንች በርሜል ጋር አንድ ላይ ሲሸጥ መንግሥት «በአጭሩ በርሜል ላይ ሰደፍ ሊገጠም ስለሚችል ይሄ አጭር ጠመንጃ መሥራት ነው» ብሎ በ1934 ሕግ መሠረት የ200 ዶላር ታክስ ጠየቀ። ኩባንያው ከፍሎ ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1992 ኩባንያው ረታ። ሙግቱ በሙሉ «መሥራት» በምትለዋ ግስ ላይ ነበር፦ ዕቃዎችን በአንድ ካርቶን ማስቀመጥ መሥራት ነው ወይስ አይደለም? ቃላት ለምንመዝን ሰዎች የሚነበብ ፍርድ ነው።

ሌላው ሌላው

መነጽሩ በሁለቱም ጠመንጃዎች ላይ የሚታሰረው በርሜሉ ላይ ነው። ይሄ ጥሩ ነው፤ ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር መነጽሩና በርሜሉ አብረው ይሄዳሉ። ብሎኖቹ ከላሉ ግን ሌላው ሥራ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው እንጨት ከመፋቁ በፊት የመነጽሩን ብሎኖች ነው የሚያየው። ከነፃ መድኃኒት ይጀመር ማለቴ ነው።

ምላጭ ከባድ ሲሆን ጣት ጠመንጃውን ይጎትተዋል፤ ማቅለል ይረዳል። ይህን ግን በቤት የሚሞክር ሰው ሲወድቅ ራሱ የሚተኩስ ጠመንጃ ሊሠራ ስለሚችል የባለሙያ ሥራ ነው። ጥይትም እንደ ጠመንጃው ነው የሚመረጠው። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ፈጣን ወይም ዘገምተኛ ይሆናል፤ ረጅምና ከባድ አረር ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ሦስት አራት ዓይነት ጥይት ገዝቶ ማወዳደር ከብዙ ብሎን ይሻላል። ጥይት ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎች አንድ ጎራሽ ላይ ተጨማሪ ዕድል አላቸው፤ ጎራሽ ሳጥን ስለሌለው የጥይቱ ርዝመት በሳጥኑ ልክ መሆን የለበትም፣ አረሩን ወደ ቦዩ ማስጠጋት ይቻላል። ሆኖም ይህ ግፊቱን ስለሚለውጥ ከታተመ መመሪያ ወጥቶ የሚሞከር አይደለም።

በእኛ አገር ይህን ሁሉ ልሞክር የሚል ካለ መሣሪያ መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መኖሩን አስቀድሞ ያንብብ።

ሦስት ቀዳዳ ምን ይመሰክራል?

አሁን ወደ «አይስትም» እንመለስ። ዴንቨር፣ ኮሎራዶ የሚኖሩ አጎቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ አጋዘን ማደን ጀምረዋል። ያላቸው አሮጌ ሃንዲ ራይፍል ነው፣ ጥይቱ .243 ዊንቸስተር። ኦ-ሪንጓን አስገብተው በ100 ያርድ ሦስት ጥይት ተኮሱና የወረቀቱን ፎቶ ላኩልኝ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ተነካክተዋል፣ ስፋታቸው ግማሽ ኢንች። ከስሩ «ጋዜጠኛው! ጎማዋ ሠርታለች፣ ባለ ግማሽ ኢንች ጠመንጃ ሆኗል» የሚል ጽፈዋል።

«ጋሼ፣ ሌሎቹ ወረቀቶችስ የት አሉ?» አልኳቸው።

ነበሩ። አጎቴ ምንም አይጥሉም። ከጎማዋ በፊት የተተኮሱ ሦስት ወረቀቶች፣ ከጎማዋ በኋላ የተተኮሱ ሦስት ወረቀቶች፣ እያንዳንዱ ሦስት ምት። ስፋት የሚባለው በጣም በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል ያለው ርቀት ነው። ከጎማዋ በፊት፦ 1.25፣ 2 እና 1.5 ኢንች። ከጎማዋ በኋላ፦ 0.5፣ 1 እና 1.75 ኢንች። ፎቶው የተነሳው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

አማካዩ ከ1.58 ወደ 1.08 ወርዷል። ጎማዋ ሠርታለች ለማለት ያሰኛል። ግን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ይጠላለፋሉ፤ ከጎማዋ በኋላ የተገኘው 1.75 ከጎማዋ በፊት ከተገኙት ከሁለቱ ይሰፋል። ሦስት ምት በጣም ተለዋዋጭ መለኪያ ነው። ምንም ያልተነካ ጠመንጃ፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን ቢተኮስ እንኳ አንዱ ባለ ሦስት ምት ወረቀት የሌላውን እጥፍ ቢሰፋ የሚገርም አይደለም። ሒሳቡ ይህን ይላል። ሌላም ይላል፦ ብዙ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ስፋቱ ይጨምራል። ያው ጠመንጃ በአሥር ምት የሚኖረው አማካይ ስፋት በሦስት ምት ከሚኖረው 1.6 እጥፍ ገደማ ነው፤ በአምስት ምት ደግሞ 1.3 እጥፍ ገደማ። ጠመንጃው አልተበላሸም። ጥቂት ጥይት የጠመንጃውን እውነተኛ ስፋት ለማሳየት አቅም ስለሌላት ነው። የአጎቴን ስድስት ወረቀቶች አንድ ላይ ብንወስድ አማካዩ 1.33 ኢንች ነው፤ በአሥር ምት ወደ 2 ኢንች ይጠጋል ማለት ነው። ከግማሽ ኢንች አራት እጥፍ!

ስለዚህ አንድ ሰው የሦስት ምት ፎቶ ሲያሳየን የምንጠይቀው «ስንተኛው ወረቀት ነው?» ብለን ነው። ሰዎች ይዋሻሉ ለማለት አይደለም። አጎቴ አልዋሹም፤ ቀዳዳዎቹ አሉ። ቆንጆዋን ወረቀት ግድግዳ ላይ መስቀል፣ አስቀያሚዋን «ያን ቀን ነፋስ ነበር» ብሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት የሰው ልጅ ባሕርይ ነው።

ለአዳኝ ግን ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። አዳኝ በተከታታይ ሦስት ጥይት ተኩሶ ስፋት አይለካም። አንድ ጎራሽ የያዘ ሰው ደግሞ ያለችው አንዲት ጥይት ናት፤ እሷም ከቀዝቃዛ በርሜል የምትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። በርሜል ሲሞቅ ጠባዩ ይለወጣል፤ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ጥይት ከሞቀ በርሜል ነው የሚወጡት። ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ ጋር መነካካቷ ስለ ነገ ጠዋቷ የመጀመሪያ ጥይት የሚነግረን ትንሽ ነው። እንጨቱ ያበጠ ዕለት ምን እንደሚሆንማ ጨርሶ አይነግረንም። አንድ ጎራሽ የአደን ጠመንጃ መፈተን ያለበት በመጀመሪያ ጥይቶች ነው፤ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ አየር፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ።

አጎቴ ጡረተኛ ስለሆኑ ጊዜ አላቸው። ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ «አንተ ልጅ ሥራ ፈተሃል» አሉኝ፤ በሳምንቱ ግን ጀመሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ መተኮሻው ሜዳ ይሄዳሉ። አንዱን ቀን ጎማዋን አስገብተው፣ ሌላውን ቀን አውጥተው፣ በቀዝቃዛ በርሜል አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳሉ። ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ አንድ ወረቀት አላቸው፤ ያንኑ ወረቀት በየጊዜው ያንኑ ቦታ ይሰቅላሉ። ጎማዋን በማስገባትና በማውጣት መካከል የብሎኑን ዙር ይቆጥራሉ። ቀኑን፣ የአየሩን ሁኔታና ቀዳዳዋን በእርሳስ ቁጥር ይመዘግባሉ። አሥር ሳምንት ፈጀ። ሃያ ጥይት ነው፤ በጥይት ወጪ ረገድ ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት መዝናኛ አይበልጥም።

ጎማ ያልነበረበት ወረቀት አሥር ምት 3.5 ኢንች ሰፍቷል፣ ያውም ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ተዘርግቶ። የፊት እንጨት በርሜሉን ከስር ሲገፋ የሚያሳየው ምልክት ይሄ ነው። ከፍ ብለው ከመቱት ውስጥ ሁለቱ አጎቴ «ዝናብ ነበር» ብለው የመዘገቡባቸው ቀኖች ናቸው። ጎማ ያለበት ወረቀት አሥሩም በ2.25 ኢንች ውስጥ አሉ፤ የዝናቡ ቀን ምት ከሌሎቹ መሃል ነው ያለው፣ በቁጥሩ ካልሆነ አይለይም።

እንግዲህ ጎማዋ ሠርታለች። ጠመንጃው ባለ ግማሽ ኢንች አልሆነም። ከ2 ኢንች ትንሽ የሚበልጥ፣ በዝናብም በፀሐይም ያው የሆነ ጠመንጃ ነው የሆነው፤ ለአዳኝ ደግሞ የሚጠቅመው ይኼኛው ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ በተለምዶ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ተደርጎ ይወሰዳል። 2.25 ኢንች በ200 ያርድ 4.5 ይሆናል፤ ከክቡ ውስጥ ነው። ግን ያ በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ ነው። ዳገት ወጥቶ ልቡ እየመታ፣ እጁ በርዶት፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚተኩስ ሰው የራሱን መንቀጥቀጥ ይጨምርበታል። አጎቴ ይህን ለመለካት በተንበርካኪነት አሥር ጥይት ተኩሰው ነበር፤ ስፋቱን ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ባለፈው ስንደዋወል ጠመንጃው ሰደፍ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር እንደጻፉበት ነገሩኝ፦ 125። ከ125 ያርድ በላይ የቆመ አጋዘን ካዩ፣ ወይ ይጠጋሉ ወይ ይተዉታል።